ማመልከት ማሳየት ነው፦ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ማመልከቻ ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በትምህርት ጉዳይ የሚጻፉ ሂሶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በመማሪያ መጻሕፍት፣ በመርሐ ትምህርትና በፈተናዎች ላይ ነው። ተማሪው የተማረውን ሁሉ ሰብስቦ በራሱ እጅ የሚጽፈው ጽሑፍ፣ ማለትም ለከፍተኛ ትምህርት የሚያቀርበው ማመልከቻ፣ ከአስተዳደር ጉዳይ ተቈጥሮ ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ይተዋል እንጂ እንደ አንድ የጽሑፍ ዓይነት ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ይህም ትክክል አይደለም። ማመልከቻው ትምህርት ቤቱ ለ16 እና ለ17 ዓመታት ያስተማረውንም ሆነ ሳያስተምር የቀረውን በሁለት ገጽ ላይ አጋልጦ የሚያሳይ ሰነድ ነውና።

ከዚህ በታች የሚመረመረው በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘ ወጣት ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ሲያመለክት የሚያዘጋጀው የዓላማ መግለጫ ነው። ለማገናዘቢያ የተወሰደው አካባቢ ቆቦና የራያ ቆላ ነው። ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቆቦ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ በደጋው ሰንሰለት በታጠረ ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የሜዳው አራሽ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላና ጤፍ የማብቀል የቆየ ጥበብ አለው። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ የተጎዳ ምድር በመሆኑ፣ ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃን በሞተር ስቦ ለመስኖ ማዋል ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ሥራ ሆኗል። በዚህ ምድር ኤሌክትሪክ የመብራት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእህል ጉዳይም ነው። ስለዚህም ስለ ኤሌክትሪክ የሚጻፍ ጽሑፍ ምን ሊይዝ እንደሚችል፣ ምንስ እንደሚጎድለው ለመመርመር የሚመች አካባቢ ነው።

የሂሱ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው። የአመልካቾች የዓላማ መግለጫ የሚደክመው ብዙ ጊዜ እንደሚባለው በእንግሊዝኛው ድክመት አይደለም። የሚደክመው የሚያሳየው ነገር ስለሌለው፣ ማለትም የተለካ ነገርና ከልኬቱ የተወለደ ጥያቄ ስለማይገኝበት ነው። የጉድለቱም መነሻ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከዚያ በታች ያለው ክፍል ነው።

ሀ. የማመልከቻው አካላትና የጽሑፉ ድርሻ

የድኅረ ምረቃ ማመልከቻ በየአገሩ ቢለያይም አካላቱ የታወቁ ናቸው፤ የውጤት መግለጫ፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ የቋንቋ ወይም የችሎታ ፈተና ውጤትና የዓላማ መግለጫ ናቸው። በአገር ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የሚወስዱ ሲሆን፣ ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ደግሞ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ተደንግጓል። ሁለቱም በምርጫ ጥያቄ የሚሰጡ ናቸው። በአሜሪካ የሚገኙ በርካታ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ክፍሎች በበኩላቸው ማመልከቻ የሚዘጉት በታኅሣሥ ወር ሲሆን፣ እንደ ደንቡ 3 የድጋፍ ደብዳቤዎችንና ከ1 እስከ 2 ገጽ የሚደርስ የዓላማ መግለጫ ይጠይቃሉ። ቀድሞ በስፋት ይጠየቅ የነበረው ጂ.አር.ኢ. የተባለው ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በብዙዎቹ ዘንድ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። አንድ መመዘኛ ሲወጣ የቀሪዎቹ ክብደት ስለሚጨምር፣ ዛሬ የዓላማ መግለጫው ቀድሞ ካልነበረው ስፍራ ላይ ደርሷል።

ከዚህም ሌላ የጽሑፉ አንባቢ ማን እንደሆነ ማጤን ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚማረው በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት እየተከፈለው ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን የሚያነበው ፕሮፌሰር ራሱን የሚጠይቀው «ይህ ወጣት ጥሩ ተማሪ ነውን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ነገ በቤተ ሙከራዬ አንድ ያልተፈታ ችግር ብሰጠው ከየት ይጀምራል?» ብሎ ነው። የጀርመን የልውውጥ አገልግሎት፣ ዳአድ የሚባለው፣ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች ባዘጋጀው የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቀው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የሚፈለገው ሥራ አይቶ ከሥራው ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሁኔታ አዲስ ነው ለማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው በ1970ዎቹ መባቻ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ብዙ ወጣቶች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ይላኩ ነበር። ያኔ የትምህርት ዕድሉን የሚያገኘው፣ ተማሪውን የሚመርጠውና የጥናቱን ዘርፍ የሚመድበው በአብዛኛው መንግሥት ነበር። ተማሪው ቅጽ ይሞላል እንጂ የጥናቱን ምክንያት ራሱ ጽፎ የማሳመን ግዴታ ብዙም አልነበረበትም። ዛሬ ግን ሸክሙ ወደ ግለሰቡ ተላልፏል። ትምህርት ቤቱ ይህን የሸክም ዝውውር ተከትሎ የጽሑፍ ትምህርቱን አላሻሻለም።

ለ. የተለመደው የዓላማ መግለጫ ሲመረመር

በተለመደው የዓላማ መግለጫ ውስጥ አራት ዐረፍተ ነገሮች አይታጡም። አንደኛው አመልካቹ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለቴክኖሎጂ ልዩ ፍቅር እንደነበረው ይናገራል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ለአገር ዕድገት የጀርባ አጥንት መሆኑን ያውጃል። ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲው በዓለም የታወቀና የተከበረ መሆኑን ለዚያው ለዩኒቨርሲቲው ይነግራል። አራተኛው ዕድሉ ቢሰጠው አገሩን በትጋት እንደሚያገለግል ቃል ይገባል።

ከእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች አንዱም ሐሰት አይደለም። ጉድለታቸውም ከዚያው ላይ ነው፤ ሐሰት ሊሆን የማይችል ቃል ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ቀላል መፈተኛ አለው። የአመልካቹ ስም ተፍቆ የሌላ አመልካች ስም ቢገባበት መለወጥ ያለበት ዐረፍተ ነገር ይኖራልን? የሚለወጥ ነገር ከሌለ ጽሑፉ የማንም አይደለም። የቆቦው ወጣት መግለጫ ከአዋሳው፣ ከሐረሩና ከላጎሱ ወጣት መግለጫ ሳይለይ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲከመር፣ አንባቢው የሚመርጥበት መንገድ ስለሚያጣ ወደ ውጤት መግለጫው ቁጥር ይመለሳል። በቁጥሩ ውድድር ደግሞ ትልልቅ ቤተ ሙከራ ባላቸው ተቋማት የተማሩት መቅደማቸው የማይቀር ነው።

የዚህ አጻጻፍ ምንጭ የተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ «ማመልከቻ» የሚለው ቃል ወደ አእምሮ የሚያመጣው አቤቱታን ነው። በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳይ የሚጽፈው ማመልከቻ ጸሐፊ መግቢያውን፣ የአክብሮት ቃሉንና የልመናውን አደራደር ጠንቅቆ ያውቃል። የአቤቱታ ግቡ የባለሥልጣንን ልብ ማራራት በመሆኑ፣ ጸሐፊው ራሱን ዝቅ፣ ተቀባዩን ከፍ ማድረጉ በስፍራው የሚገባ ጥበብ ነው። የድኅረ ምረቃ ማመልከቻን የሚያነበው ሰው ግን ምሕረት የሚሰጥ ዳኛ አይደለም። ረዳት የሚፈልግ ባለሙያ ነው። ለእርሱ የሚቀርብ ውዳሴ አያስቆጣውም፤ ግን የሚነግረው ነገር የለም። «አመለከተ» የሚለው ግሥ ከአቤቱታ ትርጉሙ ሌላ «ጠቆመ፣ አሳየ» የሚል ትርጉም እንዳለውም መዘንጋት የለበትም። ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የሚስማማው ይህኛው ትርጉም ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ከላይ የተጠቀሱትን አራት ዐረፍተ ነገሮች እንከን በሌለው እንግሊዝኛ በደቂቃ ውስጥ ጽፈው ያቀርባሉ። በመሆኑም የቋንቋ ልስላሴ ብቻውን የልዩነት ምልክት መሆኑ ቀርቷል። ማንም ሊያገኘው ከሚችለው ልስላሴ ውጭ የሚቀረው የአመልካቹ ሀብት እርሱ ራሱ ያየው፣ የለካውና የጠየቀው ነገር ብቻ ነው።

ሐ. ከቆቦ ሜዳ ምን ሊታይ ይችላል

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ የቆቦው ምሩቅ ከመግለጫው አውጥቶ የሚጥለው ነገር ዋናውን ሀብቱን ነው። ይህን በሦስት ምሳሌዎች ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የመስኖ ጉድጓዱ ሞተር ነው። ወደ ጉድጓድ የሚገባው ፓምፕ የሚሽከረከረው በሦስት ፌዝ ሞተር ነው። የመሥመሩ ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲወርድ የሞተሩ የማሽከርከር ኃይል የሚወርደው በ10 በመቶ ሳይሆን በ19 በመቶ ያህል ነው፤ ኃይሉ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነውና። ሞተሩ በሥራ ላይ እንዳለ ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ቢቋረጥ ሞተሩ ወዲያው አይቆምም። ያንኑ ጭነት በቀሩት መሥመሮች ለመሸከም ኮረንቲውን ወደ 1.7 እጥፍ ያደርስና መከላከያ መሣሪያ ካላቋረጠው ይቃጠላል። ፌዞቹ ሳይቋረጡ በመጠኑ ብቻ ቢበላለጡ እንኳ ትንሹ የቮልቴጅ መበላለጥ በኮረንቲ ላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ለገበሬው የዚህ ሁሉ ትርጉም አንድ ነው። ሞተሩ ወጥቶ እስኪጠቀለልና ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ይደርቃል። ለመሐንዲሱ ግን ነገሩ የመለኪያ፣ የመከላከያና የኃይል ጥራት ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በመማሪያ መጽሐፍ ዕውቀትና በቦታው እውነት መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል። መጽሐፉ የፓምፕ ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀነስ የሚፈጀው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ እንደሚወርድ ያስተምራል፤ ኃይሉ በፍጥነቱ ኪዩብ ልክ ይለዋወጣልና፣ የ0.8 ኪዩብ 0.51 ነው። ይህን የተማረ ወጣት የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ በመግጠም ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ቢያስብ አይፈረድበትም። በጥልቅ ጉድጓድ ላይ ግን ሥራው በአብዛኛው ውኃውን በቧንቧ መግፋት ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ማንሣት ነው። ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ፓምፑ ሊያነሣ የሚችለው ከፍታ ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። የጉድጓዱ ጥልቀት ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ሞተሩ እየዞረ፣ ቆጣሪውም እየቆጠረ፣ አንዲት ጠብታ ውኃ አይወጣም። እንግዲህ ከፀሐይ ብርሃን በሚገኝ ኃይል፣ ቀኑን ሙሉ ከፍና ዝቅ በሚል ጉልበት፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ማውጣት ቢያስፈልግ መቆጣጠሪያው በምን ሥርዓት ሊሠራ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚበቃ ነው። የተገኘውም በቆቦ ዓይነት ሜዳ ላይ በመቆም ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከትልልቆቹ የኃይል ሥራዎች ጋር ይገናኛል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በአላማጣ በኩል ወደ መቀሌ የሚያልፈው የ230 ኪሎ ቮልት መሥመር የራያን ሜዳ አቋርጦ ይሄዳል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ እስከ ሃራ ገበያ፣ ከዚያም እስከ መቀሌ እንዲዘልቅ የታቀደው የባቡር ሐዲድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኖ የተነደፈ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት እነዚህ ሥራዎች ክፉኛ ተጎድተዋል፤ የአካባቢው ሕዝብም ለረጅም ጊዜ በጨለማ ቆይቷል። በአንድ ረጅም መሥመር ጫፍ ላይ ያለ፣ ጉዳት የደረሰበት የኃይል መረብ እንዴት በደረጃ ይጠገናል? ቀድሞ ኃይል የሚያገኘውስ ሆስፒታሉ፣ የውኃ ፓምፑ ወይስ ወፍጮው ነው? ይህም በመስኩ የሚጠና ጥያቄ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁም ጥያቄውን አያስቀረውም። የማመንጨቱ ችግር በተቃለለ መጠን ኃይሉን እስከ ጉድጓዱ አፍ በጥራት የማድረሱ ችግር ጎልቶ ይወጣል።

የአጻጻፉን ልዩነት ለማሳየት ለማነጻጸሪያ ብቻ በሐሳብ የተዘጋጀ አንድ አንቀጽ እነሆ፦ «በመስኖ ጉድጓድ ላይ የሚሠራ ሞተር በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። ምክንያቱን ለማወቅ የሦስቱን ፌዞች ቮልቴጅ ለ30 ቀናት በየሰዓቱ በቴስተር እየለካሁ መዘገብኩ። በ11 ቀናት አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ ከ5 በመቶ በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። መከላከያ መሣሪያው ግን አላቋረጠም። ለምን እንዳላቋረጠ በያዝኩት ዕውቀት ማስረዳት አልቻልኩም። በእናንተ ክፍል ስለ ኃይል ጥራት የሚሰጠውን ትምህርት የምፈልገው ለዚህ ነው።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የሚያስደንቅ ቃል የለም። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሊጽፈው በሚችለው እንግሊዝኛም ሊተረጎም ይችላል። ነገር ግን አመልካቹ ችግር ማየቱን፣ መለካቱን፣ መታገሡን፣ የዕውቀቱን ዳርቻ ማወቁንና ወደዚያ ተቋም የሚሄድበትን ምክንያት በስድስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አሳይቷል። የሌላ ሰው ስም ሊገባበት አይችልም።

መ. የጉድለቱ ምንጭ

እንዲህ ያለው አንቀጽ ለምን ብርቅ ይሆናል? መልሱ የሚገኘው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ ላይ ነው። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ኤሌክትሪክ ቀመር ሆኖ ይቀርባል፤ ተማሪው ቮልቴጅን በተቃውሞ አካፍሎ ኮረንቲን ያገኛል፤ ቁጥሮቹ ግን ከመጽሐፉ የመጡ እንጂ ከሽቦ ላይ የተለኩ አይደሉም። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ተማሪው ሰዋስው ይማራል፤ አንቀጽ ሲጽፍም ርእሱ «የትምህርት ጥቅም» ወይም «የጤና ጠቀሜታ» ይሆናል። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ነገር የሌለው ቁጥር፣ ሁለተኛው ነገር የሌለው ቃል ያስተምራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ተማሪው ያየውን ነገር ለክቶ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ የሚጠየቅበት ክፍለ ጊዜ አይገኝም።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው፣ በተለምዶ ፕላዝማ እየተባለ የሚጠራው ትምህርት፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነበር። ሙከራው በመስኮቱ ላይ በሌላ ሰው እጅ ሲከናወን ተማሪው ይመለከታል፤ እጁ ግን ሽቦውን አይነካም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይቋረጣል። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምረው ትምህርት በኤሌክትሪክ መጥፋት ሲቋረጥ፣ ዋናው የትምህርት አጋጣሚ የተፈጠረው በዚያች ሰዓት ነበር። መብራቱ ለምን ጠፋ፣ የጠፋው በከተማው ሁሉ ነው ወይስ በአንዱ መሥመር፣ ፊውዙ ነው ወይስ ትራንስፎርመሩ ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ መጥፋቱ የትምህርት እንቅፋት ተብሎ ተመዘገበ እንጂ ትምህርት አልሆነም።

የፈተናው አሠራር ጉድለቱን ያጸናዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ የመውጫ ፈተናውና የድኅረ ምረቃ መግቢያው ፈተና ሁሉም በምርጫ ጥያቄ የሚሠሩ በመሆናቸው አንድ ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ተነሥቶ እስከ ድኅረ ምረቃ ደጃፍ ድረስ አንድ ገጽ ጽሑፍ በራሱ ሐሳብ ሳይጽፍ ሊደርስ ይችላል። የፈተናው ጥብቅነት አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ማለታቸው ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረውን እውነት አውጥቷል። ነገር ግን የምርጫ ፈተና የሚለካው ትክክለኛውን መልስ መለየትን ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚጀምረው ደግሞ ገና መልስ የሌለውን ጥያቄ በመቅረጽ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤውም ከዚህ ሂስ አያመልጥም። መምህሩ ከሥራ ብዛት የተነሣ ተማሪው ራሱ ደብዳቤውን ጽፎ እንዲያመጣና ፊርማ ብቻ እንዲያኖርበት ማድረጉ በብዙ ስፍራ የተለመደ ሆኗል። ተማሪው ስለ ራሱ በመምህሩ ስም ሲጽፍ «ታታሪ፣ ጨዋና ብልህ» ከማለት አያልፍም፤ መምህሩ በእርሱ ላይ ያየውን አያውቅምና። ተማሪው በአንድ ሙከራ ላይ ምን እንደጠየቀና ስሕተቱን እንዴት እንዳረመ ሊመሰክር የሚችለው መምህሩ ብቻ ነው።

የሚያስገርመው በአገሪቱ የቆየ ትምህርት ውስጥ የተሻለ አርአያ መኖሩ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል። የትናንቱን ቢደግም ወይም የሌላውን ቢያመጣ አይቀበሉትም። ያቀረበውም በዚያው ይነቀፋል፣ ይታረማል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከቅኔ ቤት የሸምደዳውን ልማድ ወርሶ የፈጠራውን ሥርዓት ትቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሠ. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሂስ ላይ ቢያንስ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የአመልካቹ ዋና እንቅፋት ጽሑፍ ሳይሆን ገንዘብ ነው የሚል ነው። ይህ ከባድ ቁም ነገር አለበት። የጂ.አር.ኢ. ክፍያ በ2016 ዓ.ም. 220 ዶላር ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ ከ12,500 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር። ዶላሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ግን ከ22,000 ብር በላይ ሆኗል። የቋንቋው ፈተናና የየዩኒቨርሲቲው የማመልከቻ ክፍያ ሲታከልበት ለአንድ የቆቦ ቤተሰብ የሚቻል አይደለም። ነገር ግን ከፋዩ የተቸገረ በሆነ መጠን የሚልከው ጽሑፍ ባዶ መሆን የለበትም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ ለሚቸገሩ ክፍያውን የሚያነሡበት አሠራር አላቸው፤ ይህን መጠየቅም ራሱ በግልጽ መጻፍን ይፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቦታን ማሳየት ድህነትን ለገበያ ወደ ማቅረብ እንዳያመራ የሚሰጋ ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው። ድርቁንና ጦርነቱን እየዘረዘረ አንባቢውን ለማስለቀስ የሚሞክር መግለጫ ልብሱን ቀይሮ የመጣ አቤቱታ ነው። ልዩነቱ ያለው ችግሩ በተጻፈበት ዓላማ ላይ ነው። የተቃጠለው ሞተር የሚጠቀሰው እንዲታዘንለት ሳይሆን እንዲመረመር ነው። የተቋረጠው የትምህርት ጊዜም እንዲሁ ነው። ቆቦና አካባቢዋ ከ2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ እንደገናም ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. በኋላ በጦርነት ውስጥ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በአመልካቹ የውጤት መግለጫ ላይ የሚታየው ክፍተት በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከቀኑ ጋር፣ ያለ እንጉርጉሮ ሊገለጽ ይገባዋል። ካልተገለጸ አንባቢው ስንፍና ብሎ ሊተረጉመው ይችላልና።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጥሩ መጻፍን ማስተማር ወጣቱን ለስደት ማዘጋጀት ነው የሚል ነው። ይህ ግን የማመልከቻውን ጥበብ ከጉዞው ጋር ያምታታል። ችግርን ማየት፣ መለካትና በግልጽ መጻፍ ለባሕር ዳር፣ ለወሎ ወይም ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለሚያመለክተው፣ ከቶም ለማያመለክተውና በወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ የጥገና ሪፖርት ለሚጽፈው ወጣት እኩል ያገለግላል። እንዲያውም የጥናት ጥያቄው ከአገሩ ሜዳ የተወሰደ ተማሪ በትምህርቱ ሁሉ ከሜዳው ጋር የሚያገናኘው ክር አለው፤ ጥያቄውን በባዕድ አገር የተቀበለ ግን ያ ክር የለውም።

ረ. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ በመነሣት አንዳንድ እርምጃዎችን መጠቆም ይቻላል። የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መምህራን በወሰነ ትምህርት አንድ ጊዜ በጋራ የሚያርሙት አንድ ገጽ የልኬት ዘገባ ቢያስጽፉ ተጨማሪ መጽሐፍም ሆነ ሕንፃ አያስፈልግም። ለቆቦ ተማሪ ርእሱ ቅርብ ነው። ለምሳሌ በሴኮንድ 40 ሊትር ውኃ ከ60 ሜትር ጥልቀት የሚያወጣ ፓምፕ ለውኃው ብቻ 23.5 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይፈልጋል። የፓምፑ ብቃት 70 በመቶ፣ የሞተሩ 85 በመቶ ቢሆን ከመሥመሩ የሚወስደው ወደ 40 ኪሎ ዋት ይጠጋል፤ በ10 ሰዓት ሥራ 400 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ተማሪው ይህን ካሰላ በኋላ የቆጣሪውን ንባብ ከስሌቱ ጋር አስተያይቶ የልዩነቱን ምክንያት ይጻፍ። ደኅንነትን ለመጠበቅ በከፍተኛ ኮረንቲ ላይ የሚደረግ ልኬት ለባለሙያ ተትቶ ተማሪው ቆጣሪ በማንበብና በመመዝገብ ይወሰን።

በጦርነት ቤተ ሙከራቸው ለተዘረፈ ትምህርት ቤቶች ዕቃ ሲመደብ ውድ ከሆነ አንድ መሣሪያ ይልቅ ብዙ ቴስተሮች ቢገዙ ብዙ እጆች ይሠራሉ። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተግባር ልምምድ የሚወጣ ተማሪ የሥራ ቦታውን ታሪክና የድርጅቱን መዋቅር ከሚገለብጥ ይልቅ ያየውን አንድ ብልሽትና ያልተፈታ ጥያቄውን እንዲያቀርብ ቢጠየቅ የዓላማ መግለጫው ረቂቅ ያን ጊዜ ተጻፈ ማለት ነው። መምህራንም በየወሰነ ትምህርቱ ስለ ተማሪዎቻቸው ሁለት ሦስት መስመር ማስታወሻ ቢይዙ የድጋፍ ደብዳቤው ከተማሪው እጅ ይወጣል። የፈተና አዘጋጆች በበኩላቸው በድኅረ ምረቃ መግቢያው ላይ ቢያንስ አንድ የጽሑፍ ጥያቄ ማስገባት የሚቻልበትን መንገድ ሊያጠኑ ይገባል። የማረሙ ድካምና ወጪ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የማይፈተን ትምህርት ብዙ ጊዜ የማይሰጥ ትምህርት እንደሆነ ዕቅድ አውጪዎች ያውቃሉ።

መደምደሚያ

የድኅረ ምረቃ ማመልከቻ ዕጣ የሚወጣበት ወረቀት ሳይሆን የትምህርት ውጤት የሚታይበት ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ ላይ የሚታየው ባዶነት የወጣቱ ባዶነት አይደለም። የራያ ቆላ ወጣት ከጎርፍ ጠለፋ እስከ ጉድጓድ ሞተር፣ ከተቋረጠ ፌዝ እስከ ተበጠሰ የኃይል መሥመር ድረስ የተማረበት መጽሐፍ ሊሰጠው ያልቻለውን ነገር በዓይኑ አይቷል። የጎደለው ያየው ነገር ዕውቀት መሆኑን የሚነግረው፣ ለክቶ እንዲጽፈውም የሚያስገድደው መምህር ነው። ይህ ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕርዳታን ወይም አዲስ ፖሊሲን የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። በሚመጣው ወሰነ ትምህርት፣ በ9ኛ ክፍል፣ በአንድ ቆጣሪና በአንድ ደብተር ሊጀመር ይችላል።